ፊሽካ ያቋረጠው ምርቃት

ባለቤቴ ዘይኑልአቢዲን አንድ ተራ ቀን ምን ምን እንደሚያስከፍለው ልንገራችሁ። መጀመሪያ የሞቀ አልጋውን ያስከፍለዋል፤ ቤታችን ደሴ፣ ሥራው ኮምቦልቻ ስለሆነ ጎህ ሳይቀድ መነሳት አለበት። ቀጥሎ አንድ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ አለ። የሚተኩሰው ራሱ ነው፤ በከሰል ካውያ፣ ክንዱን እንደ ወታደር ልብስ ስለት እያወጣለት። ከዚያ ጉልበቱ አለ። በአውቶቡስ ጠባብ ወንበር ላይ አጥፎት የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወርድ ግራ ጉልበቱን ያመዋል፤ ማታ ሲወጣ ደግሞ ይብስበታል። ጥይት የገባበት ነው።

ከሁሉ የሚወደደው ግን የሚውጠው ጩኸት ነው። ዕቃ ሊወስድ የመጣ ሰው ወረፋ ሲያፈርስ፣ ጫኙ የሳሙና ካርቶን ሲጥል፣ ሾፌሩ ሲያረፍድ፣ ድሮ ቢሆን በአንድ ቃል ትዕዛዝ የሚገላገለውን ዛሬ «እባክዎ አባቴ፣ ትንሽ ይታገሡ» ብሎ ይጨርሰዋል። ማታ ሲገባ «ዛሬ ስንት ዋጥክ?» እለዋለሁ።

«ሦስት» ይለኛል ጫማውን እየፈታ። «አንዱ ግን ትልቅ ነበር።»

ይህን ሁሉ ከፍሎ የሚያገኘው ነገር ማታ ማታ ልጆቹ ዘንድ መግባቱ ነው። ለሌላ ሰው ይህ ምንም ላይመስል ይችላል። እሱ ግን ይህንኑ ለጥቂት ሊያጣው ነበር፤ የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

ዘይኑ የገበሬ ልጅ ነው። ደሴ ዘመድ ቤት ተቀምጦ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ የፈተና ውጤት ሲጠባበቅ የእናት አገር ጥሪ መጣ። ዓመቱ 1969 ነበር። ውጤቱ ከመድረሱ በፊት እሱ ታጠቅ ማሠልጠኛ ጦር ሰፈር ደረሰ። ውጤቱም በኋላ ሲመጣ ጥሩ ነበር አሉ፤ ማን አይቶት! መጻፍና ማስላት ስለሚችል ስንቅ ክፍል መደቡት። ኦጋዴን በረሃ ላይ ሥራው ውሃና ጋሌጣ የሚሉትን ደረቅ ብስኩት ማደል ሆነ። ሰው በጥማት ተሯሩጦ እንዳይረጋገጥ አንድ ፊሽካ ሰጡት፤ አንዴ ሲነፋ ሰልፍ፣ ሁለቴ ሲነፋ ወደፊት። «ጥይት ያለቀበት ሰው ይታገሣል፣ ውሃ ያለቀበት ግን አይታገሥም» ይላል። ከዚያ ከበረሃ ይዞት የመጣው ሀሳብ አንድ ነው፤ ዕቃ የሚፈልገው ሰው እጅ ካልደረሰ ዕቃ አይባልም። ጉልበቱን የተመታውም ውሃ ጭኖ ሲሄድ ነው።

ሐረር ሆስፒታል ከርሞ፣ የአስር አለቃነት ማዕረጉንና ፊሽካውን ይዞ በ1971 ደሴ ተመለሰ። ሰው ሁሉ አዘነለት፤ ያዘነለት ሰው ሁሉ ግን ሥራ አልሰጠውም። አንዱ ጥበቃ ሁን አለው፣ ሌላው ሱቅ በደረቴ ያዝ አለው። እሱ አንድ ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አዲስ አበባ ያለው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተማሪ በፈተና እንደሚቀበል አነበበ፤ ተፈተነ፣ አለፈ።

«አሁን በዚህ ዕድሜህ ከልጆች ጋር ልትማር ነው?» አሉት ዘመዶቹ።

«ከልጆች ጋር ዘምቼ የለም እንዴ? ከልጆች ጋር መማሩ ምን ያቅተኛል?» አላቸው።

እውነትም ያቃተው ትምህርቱ አልነበረም። የመጀመሪያው ቀን ወይዘሮ የኔነሽ የሚባሉ የሒሳብ አያያዝ መምህርት ስም ሲጠሩ የእሱ ተራ ደረሰ። ዘይኑ ከወንበሩ ተወርውሮ ተነሳ፣ ተረከዙን አጋጨ፣ «አቤት ጓድ አዛዥ!» ብሎ ክፍሉን አናጋው። ፊት ያለችው ልጅ እስክሪብቶዋን ጣለች።

ወይዘሮ የኔነሽ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። «አዛዥህ አይደለሁም። መስማትም አልተሳነኝም። እዚህ ‹አቤት› ትበቃለች፤ ቁጭ ብለህም ትባላለች።»

«አቤት» አለ ቁጭ ብሎ።

«እንዲህ ነው እንጂ። አሁን ተማሪ ሆንክ።»

ክፍሉ እስከ ምረቃው ድረስ «ጓድ አዛዥ» እያለ ሲጠራው ኖረ። በሁለተኛው ዓመት ክረምት ለእረፍት ሲመጣ ተጋባን። እኔም አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ነበር። ሊጠይቀኝ ሲመጣ የተናገረው ነገር እስከ ዛሬ ያስቀኛል፦ «ከሪማ፣ እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ አንቺ ደሴ ነሽ፤ ደብዳቤ የምትጽፍ ሚስት ያስፈልገኛል።» እንዲህ ተብሎ ትዳር ይጠየቃል? እኔ ግን ነገሩ ገባኝ። ማጋነን የማይችል ሰው ነው።

በ1974 መጀመሪያ ዲፕሎማውን ይዞ መጣ። አንድ የመንግሥት አከፋፋይ ኮርፖሬሽን ኮምቦልቻ ላለው ቅርንጫፉ የሽያጭ ረዳት ፈልጎ ነበርና በሙከራ ተቀጠረ። መጋዘኑ ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ላምባና አቡጀዲ ለገበሬ ማኅበራትና ለቀበሌ ሱቆች ያከፋፍላል። ዘይኑ ደስታውን አልቻለውም። «ያው ማደል ነው፣ ግን የሚተኩስብኝ የለም» ይለኝ ነበር። ሴት ልጃችን ሸሪፋም በዚያው ወራት ተወለደች።

የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ጓድ በላቸው ይባላሉ፤ ለስላሳ፣ ጥንቁቅ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ስልክ በተደወለ ቁጥር የኮታቸውን ቁልፍ የሚቆልፉ ሰው። መጋዘኑን የያዙት ደግሞ እትየ ወርቅአፈራሁ ናቸው፤ አንገታቸው ላይ ማተብ፣ ወገባቸው ላይ የቁልፍ ዘለላ፣ አፋቸው ላይ ቀልድ የማይጠፋ። ዘይኑ ከተማረው ጋር ከወታደር ቤት ያመጣውን ቀላቅሎ መጋዘኑን ማደራጀት ሲጀምር ዝም ብለው አላዩትም።

«አንተ ልጅ፣ ይህ እኮ ጨው ነው» ይሉታል። «ፈንጂ አይደለም። ቀስ ብትል አይፈነዳብህም።»

እሱ ግን አልሰማም። በሩ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲል እንዲከፈት፣ ሰው በማኅበር በማኅበሩ እንዲሰለፍ አደረገ። እውነት ለመናገር ወረፋው ቶሎ ቶሎ ማለቁ ብዙ ሰው ደስ አሰኝቶ ነበር። ሁለት ሰዓት ሲሞላ ታዲያ ፊሽካውን ይነፋል፤ አንዴ ለሰልፍ፣ ሁለቴ ለመግባት። ሰዉም ይስቅና ይሰለፋል።

ግንቦት ላይ፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ የገራዶ ገበሬዎች ማኅበር ሰዎች መኪና ተከራይተው መጡ። ለጾሙ ስኳር፣ ለዒዱ አቡጀዲ ፈልገው ነው። መሪያቸው ሸህ ሀምዱ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። እኛ አገር መቼም ጀማው ተሰብስቦ አንድ ነገር ሊጀምር ሲል ሽማግሌ ሳይመርቅ አይጀምርም፤ እርሻም ይሁን ሠርግ፣ ዕቃ መረከብም ይሁን። ሙስሊሙ «አሚን» ይላል፣ ክርስቲያኑ «አሜን» ይላል፣ ከዚያ ወደ ሥራ ይገባል። ሸህ ሀምዱም በራፉ ላይ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ይመርቁ ጀመር።

«የዘራነውን ያብቅልልን!»

«አሚን!»

«ሻጩን ከሐሜት፣ ገዢውን ከጸጸት ይጠብቅልን!»

«አሚን!»

ዘይኑ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ከገራዶዎቹ ኋላ ሌላ ማኅበር ደርሷል፣ ከዚያም ኋላ ሌላ መኪና እየገባ ነው። ልቡ መኪናዎቹ ላይ ስለነበር ምርቃቱ ምን ላይ እንደደረሰ እንኳ አልሰማም። ሁለት ሰዓት ሞላ። ፊሽካውን አንስቶ ነፋው።

ሸህ ሀምዱ ቃላቸው አፋቸው ላይ ቀረ። የተዘረጉት እጆች ሁሉ አየር ላይ እንዳሉ ደረቁ።

«ወይኔ ልጄ!» አሉ እትየ ወርቅአፈራሁ ከውስጥ። «ምን አደረግህ?»

«ሰዓቱ ደርሷል እኮ» አለ ዘይኑ።

ሸህ ሀምዱ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ዘይኑን ትኩር ብለው አዩት፣ «አላህ ይጠብቅህ ልጄ» አሉት፣ ዞረውም ወደ መኪናው ሄዱ። ሰዎቻቸው ተከተሏቸው። አንድ ኪሎ ስኳር ሳይጭኑ ሐረጎን ተመልሰው ወጡ። ከኋላ የነበረው ማኅበር እርስ በርሱ ተያየ፣ ተንሾካሾከ፣ እሱም ሄደ። ዘይኑ ከተከፈተው በር ፊት ብቻውን ቆሞ ቀረ።

የሆነውን ማታ ሲነግረኝ «ይቀዘቅዝላቸዋል፣ ይመለሳሉ» አለኝ። አልተመለሱም። ነገሩ የት እንደደረሰ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ሸሪፋን አዝዬ ሰኞ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ወርጄ ሳለ ሻጯ ለጎረቤቷ ስትነግር ሰማሁ፤ የማን ሚስት እንደሆንኩ አታውቅም።

«ኮምቦልቻ ያለው ወታደር ሸሁን በፊሽካ አቋረጣቸው አሉ።»

«ምርቃት ላይ?»

«ምርቃት ላይ! ወላሂ ያ ስኳር ቢፈላ አይጣፍጥም፣ ያ አቡጀዲ ቢሰፋ አያምርም። ምርቃቱ የተቆረጠ ዕቃ ምን በረካ አለው?»

«እኔስ ጨውንም አልገዛ።»

ሽንኩርቱን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲያ መጋዘኑ ጭር አለ። የሩቅ ሰው አልፎ አልፎ ይመጣል እንጂ የደሴ ዙሪያ ማኅበራት ቀሩ። ስኳሩ እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ጉንዳን ወረሰው። ጓድ በላቸው ዘይኑን ቢሮ አስገብተው በሩን ዘጉ።

«ተመልከት ጓድ ዘይኑልአቢዲን፣ እኔ አልጠላሁህም» አሉት። «የሙከራ ጊዜህ ግን በዚህ ወር መጨረሻ ያልቃል። ዕቃው እንዲህ ቁልል እንዳለ ቋሚ ይሁን ብዬ ብጽፍ ይስቁብኛል። ደግሞ ሌላም ነገር አለ። የወታደር ምልመላው ክፍል አሰልጣኝ ፈልጉልኝ እያለ ነው። ከሥራ የተሰናበተ፣ ማዕረግ ያለው የቀድሞ ወታደር ካገኘ አይለቀውም።»

«ጉልበቴስ?»

«አሰልጣኝ ይጮሃል እንጂ አይሮጥም ብለውኛል።»

ዘይኑ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ረጋ ያለ ነበር፤ የፈራ ጊዜ እንዲያ ነው። ማሠልጠኛው ሩቅ ነው፣ ቤተሰብ አይወሰድበትም፣ መቼ እንደሚለቁትም አይታወቅም። ልጅቱ ገና አራት ወሯ ነበር። እሱም ሌላ ሕይወት ጀመርኩ ብሎ የተማረው፣ የተመረቀው፣ ሸሚዝ የገዛው ሁሉ ከንቱ ሊቀር ነው።

«ማኅበራቱን ስብሰባ እጠራለሁ» አለኝ። «ሰዓት ማክበር ለእነሱም እንደሚጠቅም በደንብ አስረዳቸዋለሁ። ትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ ደንበኛ ሲቀር…»

«ዘይኑ» አልኩት።

«አቤት።»

«የተቀየመ ሽማግሌ ስብሰባ ተጠርቶ ሲታረቅ አይተህ ታውቃለህ?»

«አላየሁም» አለ።

«ሰው በእግሩ ሄዶ ነው የሚታረቀው። እሑድ ገራዶ እንሄዳለን።»

«ባያስገቡንስ?»

«ሸሪፋን ይዘን እንሄዳለን። ሕፃን ይዞ የመጣ ሰው ደጅ ላይ አይቆምም።»

እሑድ ጠዋት የጭነት መኪና ላይ ወጥተን ገራዶ ወረድን። ፊሽካውን ቤት ትቶት እንዲሄድ ነገርኩት፤ እሱ ግን አስቀድሞ ለመጋዘኑ ዘበኛ ሰጥቶት ኖሯል። መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን ሲያጠና ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። የሸህ ሀምዱ ቤት በር ላይ ስንደርስ ያጠናው ሁሉ ጠፋበትና እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩ እኔ።

«ወአለይኩም ሰላም! ግቡ፣ ግቡ! ማነው?» አሉ ሸሁ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው። ከዚያ አወቁት። ምርኩዛቸውን ፈልገው ከመደቡ ተነሱ። «ረሂማ! ረሂማ! ነይ እንጅ፣ ልጁ መጣ!»

ሚስታቸው እትየ ረሂማ እጃቸውን እየጠረጉ ከጓዳ ብቅ አሉ። «አልሐምዱሊላህ! የቱ? ይሄ ነው?» ብለው ዘይኑን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይሄን ያህል ጊዜ የት ተቀምጠህ ነው አንተ?»

እኔና ዘይኑ ተያየን። ዘይኑ ጎንበስ ብሎ የሸሁን ጉልበት ሊነካ ሲል እሳቸው ትከሻውን ያዙት።

«አውፍ ይበሉኝ አባቴ» አለ። «ምርቃትዎን አቋረጥኩ። ንቄ አይደለም። በአላህ ንቄ አይደለም። ሰዓቱን አየሁና… አስቀየምኩዎ።»

«አስቀየምኩዎ?» ሸህ ሀምዱ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «የተቀየምን መስሎታል እኮ!»

«እና ካልተቀየማችሁ ለምን ሄዳችሁ?» አልኩ እኔ፤ አፌ አመለጠኝ።

ሸሁ ተቀመጡ፣ እኛንም አስቀመጡን። «ስሚ ልጄ» አሉኝ፤ ከዚያ ለእሱ ተናገሩ። «ፊሽካውን የነፋኸው ምን ላይ ስደርስ እንደነበር ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም አባቴ። ልቤ መኪናው ላይ ነበር።»

«እርሻውን መርቄ ጨርሻለሁ። ገበያውን ጨርሻለሁ። ‹ይህንን ከጥይት አፍ የተረፈ ልጃችንን…› አልኩ። ከዚያ ፊሽካ!»

እትየ ረሂማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሸሁ ቀጠሉ።

«የተቆረጠው የኛ ምርቃት አይደለም፣ የጨዉም አይደለም፤ ያንተው ነው። ደነገጥን። ምርቃቱ በተቆረጠ ሰው እጅ ዕቃ ተቀብለን እንዴት እንብላ? ጦሱ ባንተ ላይ ይሆናል ብለን ፈራን። ለዚህ ነው የሄድን።»

ዘይኑ እጁን ወደኔ ዘረጋና ልጅቱን ተቀበለኝ። የሚይዘው ነገር ፈልጎ ይመስለኛል። የሸሪፋን ቆብ ያስተካክላል፣ ተመልሶ ያስተካክላል።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ።

«እንዴት ይነገራል! ‹ያንተ ምርቃት ተቆርጧል› ብሎ ለባለቤቱ መንገር ነውር ነው፤ ልቡን ያሸብረዋል። እሱ ራሱ እስኪመጣ ይጠበቃል። እኛም ‹ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል› ስንል አንተ እቴ! ወዴት ብለህ!»

«እኔ እኮ እናንተ ትመጣላችሁ ብዬ ስጠብቅ ነበር።»

«እኛ አንተን፣ አንተ እኛን!» አሉ እትየ ረሂማ። «የኔ ጌታ፣ ያንተን መምጣት ስንጠብቅ እኮ ሻዩን መራራውን ስንጠጣ ከረምን!»

መጀመሪያ የሳቁት ሸሁ ናቸው። ከዚያ እኔ። በመጨረሻ ዘይኑ ሳቀ፤ ሳቁ አልቆም ብሎት ዓይኑን በሸሪፋ ፎጣ ጠረገ። ያን ዕለት ከትከሻው ላይ የወረደውን ነገር እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ቁመቱ ራሱ አጠረ፣ ወገቡ እንደ ሰው ጎበጥ አለ። ሰው ጠልቶኛል ብሎ ሲሰነብት ለካ ሰው ሰስቶለት ኖሯል።

እርጎ ጠጥተን ስንጨርስ ዘይኑ «እንግዲያው አባቴ፣ እዚሁ ይጨርሱልኝ» አለ።

«እዚህ አይሆንም። ምርቃት የሚቀጠለው የተቆረጠበት ቦታ ላይ ቆሞ ነው። ማክሰኞ እንወርዳለን።» ጉልበታቸውን ዳበስ አደረጉ። «ሐረጎ ለዚህ ጉልበት አይመቸውም እንጅ።»

«የኔም አይወደውም» አለ ዘይኑ።

«አብሽር። ሁለታችንም እያነከስን እንጨርሰዋለን።»

ሰኞ ዕለት ዘይኑ ለጓድ በላቸው ነገራቸው። ጓድ በላቸው ተጨነቁ፤ ዘመኑን ታውቁታላችሁ። «በመንግሥት መጋዘን ውስጥ ዱዓ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። መስኮቱን አዩ፣ ስልኩን አዩ። «እኔ የምሠራው ቢሮዬ ውስጥ ነው። ሰው በር ላይ ቆሞ ምን እንደሚነጋገር ከዚህ አይሰማኝም። ገባህ?»

«ገባኝ ጓድ።»

«መስኮቱን ግን አልዘጋም። ይሞቃል።»

ማክሰኞ እኔም ሸሪፋን አዝዬ ወረድኩ። ገራዶዎቹ ሙሉ መኪና ሰው ሆነው መጡ፤ ወሬውን የሰሙ ሌሎች ማኅበራትም ተከትለዋቸዋል። እትየ ወርቅአፈራሁ በሩን ገና በጠዋት ወለል አድርገው ከፍተውታል። ሸህ ሀምዱ ያን ዕለት የቆሙበትን ቦታ በምርኩዛቸው ፈልገው ቆሙ፣ ዘይኑንም ፊታቸው አቆሙት። ሁሉም መዳፉን ዘረጋ። ዘይኑ ግን፣ ልማድ ሆኖበት፣ ደረቱን ነፍቶ፣ እጁን ጭብጥ አድርጎ ሱሪው ስፌት ላይ ለጥፎ ቆሟል።

ሸሁ አዩት። «እጅህን ክፈት እንጅ! በረካ በቡጢ ይያዛል?»

ሰዉ ሳቀ። «ተኩሶ ሊቀበል ነው እኮ!» አሉ እትየ ወርቅአፈራሁ። ዘይኑ ቀልቶ እጁን አነሳ፣ ጣቶቹንም አንድ በአንድ ዘረጋቸው።

«ይህንን ከጥይት አፍ የተረፈ ልጃችንን» አሉ ሸህ ሀምዱ፤ ካቆሙበት ቃል ጀምረው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። «ይህንን ከጥይት አፍ የተረፈ ልጃችንን ወደ ጥይት አትመልሰው!»

«አሚን!»

«የጠማውን ሲያጠጣ ነው የቆሰለ፤ ቤቱ ምንጭ አይጣ!»

«አሚን!»

«እንጀራው ከቤቱ አያርቀው፣ ልጁ አባቴ የት አለ ብላ አትጠይቅ፣ ሚስቱ መንገድ አትይ!»

እኔም ከሰዉ ጋር «አሚን» አልኩ። ከጀማው ሁሉ አንድ «አሜን» ግን ዘግይቶ፣ ደመቅ ብሎ ከላይ መጣ። ቀና ስንል ጓድ በላቸው መስኮቱ ላይ ናቸው። ወዲያው ወረቀት የሚፈልጉ መስለው ጎንበስ አሉ።

ሸህ ሀምዱ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉና ዘይኑን «በል አሁን ንፋ» አሉት።

«ፊሽካ የለኝም አባቴ።»

«እንግዲያው በአፍህ ጥራን።»

«ግቡ» አለ ዘይኑ። «ገራዶዎች፣ ግቡ።»

ስኳሩ ከምሳ በፊት ወጣ፤ አቡጀዲውም እስከ አሥር ሰዓት አንድ ጥቅል አልቀረም። ዘይኑ ያን ቀን ሲያድል ያየሁትን ያህል ደስተኛ ሆኖ አይቼው አላውቅም። የወሩ መጨረሻ ላይ ጓድ በላቸው ጠርተው እጁን ጨበጡት፤ ቋሚ ሆነ። ምልመላው ክፍልም የሚፈልገውን አሰልጣኝ ሌላ ቦታ አገኘ መሰለኝ፣ ጠይቆን አያውቅም። በዓመቱ የሽያጭ ክፍል ኃላፊ አደረጉት። አሁን ለስብሰባ አዲስ አበባ ሲጠሩት ከረባት ያስራል፤ የሚያስረው ግን እኔ ነኝ፣ እሱ ሲያስረው እንደ ጥይት መያዣ ያጠብቀዋል። ሁለተኛዋን ልጃችንን ከወለድኩ ወር አልሞላኝም። አባቷ ማታ አስራ ሁለት ተኩል ላይ በር ሲያንኳኳ ታላቋ ሮጣ ትከፍትለታለች። እኔም በዚያ ሰዓት በልቤ አልሐምዱሊላህ ሳልል የቀረሁበት ቀን የለም።

ይህን ጽፌ ሳነብለት ብዙ ቦታ ሳቀ፣ የትምህርት ቤቱ ነገር ላይ «ይህንንስ ምን አስወራሽ?» አለኝ። ከዚያ ሕፃኗን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየና አንድ ነገር ጨምሪልኝ አለ። ቃሉ የራሱ ነው፦

«ይህን ለሚያነብ ሰው እንዲህ በይልኝ። እናንተም ዘንድ በቀበሌ ሱቅ፣ በቢሮ፣ በትምህርት ቤት ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ይኖራል። አንድ ቀን ሳያውቅ ያጠፋል። ያላሰበውን ሰው ያስደነግጣል፣ ወይም በማይጮኽበት ቦታ ይጮሃል። የዚያን ጊዜ ዝም ብላችሁት አትሂዱ። እኛ ዝምታ ሲበዛ ጠላት ያለ ይመስለናል። ልቡ ይሰበራል ብላችሁም አትተዉት፤ ልቡ ከዚህ የበለጠ ችሏል። ቀን ሳያልፍ ጠጋ በሉና ‹ና እስኪ ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ተሳስተሃል› በሉት። እባካችሁ፣ ንገሩት።»